የዩኩሌሌን ክር ዝቅ ማድረግ፦ ከሲም ካርድ ፕላስቲክ እስከ ግመል አጥንት

ዩኩሌሌ ጊታር የሚመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። ጣት የሚያሳምም ዩኩሌሌ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሳያልቅ ነው የተሸጠው። በርካሽ የሚመረቱት መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ክራቸው ከፍ ብሎ ነው። ክሩ ዝቅ ብሎ ብረት እየነካ የሚንዛዛ (ዝዝ የሚል) ዩኩሌሌ ለሻጩ ይመለስለታል። ክሩ ከፍ ብሎ ጣት የሚቆርጠው ግን አይመለስም፤ ጀማሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል። “ጣቴ ገና አልጠነከረም” እያለ ሲታገል ይከርምና መሣሪያውን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይበረታል። በክራርና በማሲንቆ ያደገ እጅ ክርን እስከ እንጨት ድረስ መጫን አልለመደም። የክራር ክር አየር ላይ እንዳለ ይመታል፤ የማሲንቆው ጭራም በጣት ይነካል እንጂ አንገቱ ላይ አይጫንም። ዩኩሌሌ ግን በጣት የተያዘው ክር ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ያለውን ብረት፣ ካልነካ ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር በዛ ማለት፣ ጣታችሁ ያንን አንድ ሚሊ ሜትር በየኮርዱ (አብረው በሚመቱ ድምፆች ሁሉ) በሚጫነው ክር ላይ ይከፍላል ማለት ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። የተፋቀ አጥንትም ሆነ ፕላስቲክ አይመለስምና፣ ከመፋቅ በፊት መለካት፣ ከፋቁም በኋላ ደግሞ መለካት ግድ ነው።

ስሞቹን እንያዝ

በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በታች፣ አራት ቦይ የተቆረጠባት ቁራጭ አለች፤ ነት ትባላለች። በድምፅ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው እንጨት ብሪጅ ነው፤ በእሱ ቦይ ውስጥ የተሰካችው ቀጭን ነጭ ቁራጭ ደግሞ ሳድል ናት። አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ብረቶች ፍሬቶች ናቸው። ክሩ በነትና በሳድል መካከል ነው የሚወጠረው፤ ስለዚህ ከፍታውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሳድል ነው። እኔ ከነት እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

ሚሊ ሜትር በግልጽ የሚነበብበት የብረት ማስመሪያ፣ ቁጥር 120 እና 320 ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠፍጣፋ የመስታወት ቁራጭ፣ ፒንሳ፣ የተሳለ እርሳስ፣ ምላጭ፣ በስልካችሁ ላይ የመቃኛ መተግበሪያ። ለነቱ ቦይ ልዩ ሞረድ አለ፤ ግን ውድ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፈልጎ ማግኘትም አድካሚ ነው። በእሱ ምትክ የጋዝ ብየዳ ባለሙያዎች የችቧቸውን አፍ የሚጠርጉባቸውን ሻካራ ሽቦዎች ተጠቀሙ። በአንድ ማቀፊያ ታስረው ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደሩ ናቸው፤ የብየዳ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አይጠፉም። ከክሩ ውፍረት ጥቂት የሚበልጠውን ሽቦ መርጣችሁ ትሠራላችሁ።

ካሊፐር (ስስ ውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ የሲም ካርድ ተነቅሎ የሚቀረውን ፕላስቲክ አትጣሉ። ውፍረቱ እንደ ባንክ ካርድ ነው፤ ወደ 0.76 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በመቀስ አራት ቦታ ብትቆርጡት፣ ሦስቱ ሲደራረቡ 2.3፣ አራቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ለስስ ክፍተት ደግሞ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበቃል፤ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

አንደኛ፦ ቃኙ፣ ከዚያ መርምሩ

ያልተቃኘ ዩኩሌሌ አይለካም። ክሩ ሲላላ አንገቱም የድምፅ ሳጥኑም ቅርፃቸው ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ብላችሁ ቃኙ፤ መተግበሪያው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ብሎ ያሳያችኋል። አንዳንዱ ሰው ሳያውቅ ከዚህ አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ቃኝቶ ይጫወታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግማሹ ሕመም መቃኛውን በመመለስ ብቻ ይሄድለታል።

ቀጥሎ ብሪጁን እዩ። በኋላ ጠርዙ ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ሙጫው ለቋል። እዚህ ላይ ሳድል መፋቅ ጥፋት ነው፤ ብሪጁ መልሶ መለጠፍ አለበት። ጥሩ አናጢ አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ፣ በእንጨት ኮላ ለጥፎ፣ በማሰሪያ አጥብቆ ሙሉ ቀን ሊያሳድረው ይገባል። “ሱፐር ግሉ ጠብ ላድርግበትና ውሰደው” የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያ አንገቱን መርምሩ። አንዱን ክር በ1ኛው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከድምፅ ሳጥኑ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በሌላው እጅ ተጫኑ። የተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስለሚሆን፣ በመሐል ፍሬቶቹ ላይ የሚታየው ክፍተት የአንገቱን ጉብጠት ይነግራችኋል። አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ወረቀት ያህል ክፍተት ጤናማ ነው። ባንክ ካርድ የሚያሳልፍ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል። አብዛኞቹ ዩኩሌሌዎች እንደ ጊታር በአንገታቸው ውስጥ የሚጠብቅ ብረት ስለሌላቸው፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከዚህ መመሪያ ያልፋል።

አሁን ዋናውን ለኩ። ከነቱ ጀምራችሁ እስከ 12ኛው ፍሬት ቁጠሩ፤ በብዙ ዩኩሌሌዎች ላይ በነጥብ ምልክት ተደርጎበታል። ጊታር የለመዳችሁ ተጠንቀቁ፤ ጊታር 9ኛው ላይ የሚያደርገውን ነጥብ ዩኩሌሌ አብዛኛውን ጊዜ 10ኛው ላይ ነው የሚያደርገው። ክሩን ሳትነኩ ከ12ኛው ፍሬት አናት እስከ ክሩ ሆድ ያለውን ክፍተት ለኩ። የፕላስቲክ ቁራጮቹ ሦስቱ ገብተው አራተኛው ክሩን የሚያነሳው ከሆነ ጥሩ ክልል ውስጥ ናችሁ። አራቱም ያለ ችግር ካለፉ ከፍ ብሏል። ለእኔ ምቹው ከ2.5 እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኃይል ለሚመታ ሰው 3 ይሁን። ውጤቱን ጻፉት። በአእምሮ የተያዘ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ባለው ሙቀት ይተናል።

ሁለተኛ፦ ነቱ

ከነት እንጀምር ያልኩት ጀማሪ ውሎው 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ፍሬት ላይ ስለሆነ ነው። እዚያ አካባቢ የክሩን ከፍታ በዋናነት የሚወስነው ነቱ ነው፤ ሳድሉን ሁለት ሚሊ ሜትር ብታወርዱት 1ኛው ፍሬት ላይ የሚሰማችሁ ለውጥ እምብዛም ነው። ከፍ ያለ ነት ደግሞ ጣት ማሳመም ብቻ ሳይሆን ቅኝትም ያበላሻል። ክሩን ወደ ታች ስትጫኑት ከሚገባው በላይ ይለጠጥና ድምፁ ይሾላል። “ባዶውን ስመታው ተቃኝቷል፣ ኮርድ ስይዝ ግን ይጮህብኛል” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ነቱን ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጫኑ። አሁን በ1ኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ከጎን ብርሃን እያበራችሁ ተመልከቱ። የሚፈለገው በጣም ትንሽ ክፍተት ነው፤ አንድ ቅጠል ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል። ክሩን ከላይ በጣት መታ ስታደርጉት ፍሬቱን ሲነካ ጢክ የምትል ድምፅ መሰማት አለባት። ምንም ድምፅ ከሌለ ቦዩ ቀድሞውንም ዝቅ ብሏል፤ አትንኩት። ሦስት አራት ቅጠል የሚያሳልፍ ከሆነ ሥራ አላችሁ።

አራቱም ክሮች በእኩል መጠን ከፍ ብለው ከሆነ፣ ቀላሉ መንገድ ነቱን አውጥቶ ከሥሩ መፋቅ ነው። ቀለሙ እንዳይላጥ ዙሪያውን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ ትንሽ እንጨት ከጎኑ አስደግፋችሁ በቀስታ መታ መታ አድርጉት። ብዙ ጊዜ የተያዘው በጠብታ ሙጫ ስለሆነ ይለቃል። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ በቦዮቹ በኩል ሥሩ።

በቦይ ስትሠሩ አንድ ክር ላልቶ ከቦዩ ወደ ጎን ይወጣል፤ ሌሎቹ ይቆያሉ። ሽቦውን ወደ መቃኛዎቹ በኩል ዘንበል አድርጋችሁ ግፉ። የቦዩ ከፍተኛ ቦታ በፍሬቶቹ በኩል ያለው ጠርዝ መሆን አለበት፤ ክሩ ከዚያ ጠርዝ ላይ ነው መነሣት ያለበት። ቦዩ ወደ ኋላ ከፍ ካለ ክሩ በቦዩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ እንደ ተሰነጠቀ ነገር ይንዛዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ግፉ፣ ክሩን መልሱ፣ ቃኙ፣ ፈትኑ። ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ ግን ነት ላይ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛም ትታወቃለች።

ቦዩ አልፎ ከወረደ ባዶው ክር 1ኛው ፍሬት ላይ ይንዛዛል። መፍትሔ አለው። ከዚያው ነት ወይም ከአጥንት የተፋቀ ዱቄት ቦዩ ውስጥ ሙሉና የሱፐር ግሉ ጠብታ ጨምሩበት፤ ሲደርቅ እንደገና ቦይ አውጡ። ዱቄት ካጣችሁ ቤኪንግ ሶዳም ይሆናል፤ ግን እንደ አጥንቱ አይበረክትም።

ሦስተኛ፦ ሳድሉ

ነቱ ከተስተካከለ በኋላ 12ኛውን ፍሬት እንደገና ለኩ። አሁንም ከፍ ካለ ወደ ሳድል እንሂድ።

ሒሳቡን አትርሱ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ የምትፈልጉትን ቅናሽ በሁለት አባዙ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ አንዱን ጫፍ ሁለት ክንድ ብታወርዱት መካከሉ የሚወርደው አንድ ክንድ ነው፤ ክሩም ያው ነው። ክፍተታችሁ 3.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ 2.8 ከፈለጋችሁ፣ ልዩነቱ 0.8 ነው፤ ከሳድሉ ሥር የሚፋቀው 1.6 ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ 1.2 ብቻ ፋቁና መልሳችሁ ሞክሩ።

አንድ ገደብ አለ። ሳድሉ ከብሪጁ እንጨት በላይ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጎልቶ መቅረት አለበት። ክሩ በሳድሉ ላይ ታጥፎ ወደ ታች ካልወረደ ይላላል፤ ድምፁም ይደክማል። ሒሳባችሁ ከዚያ በታች የሚያወርደው ከሆነ ችግሩ ሳድሉ ላይ አይደለም፤ ወደ አንገቱና ወደ ብሪጁ ተመለሱ።

ክሮቹን ሁሉ አላልታችሁ ወደ ጎን አድርጉ። የፒንሳውን ጥርስ በጨርቅ ሸፍናችሁ ሳድሉን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀጥ ወደ ላይ ሳቡት። የትኛው ጎን ወደ አንገቱ እንደሚዞር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ የአንዳንዱ ሳድል አናት ለየክሩ ተለይቶ የተቀረጸ ስለሆነ ተገልብጦ ከገባ ቅኝቱ ይዛባል። በዚሁ ምክንያት የሚፋቀው ሁልጊዜ ከሥር ነው፤ አናቱን አትንኩ።

በሥሩ ዳር ዳር የምትፋቁትን መጠን በማስመሪያ ለክታችሁ በእርሳስ መስመር አስምሩ። ቁጥር 120ውን ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርጉ፤ ወረቀቱ ይጸና ዘንድ ጠርዙን ለጥፉ። ሳድሉን ካሬ ጠርዝ ካለው እንጨት ጋር አስጠግታችሁ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይዛችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ ጎትቱ። በባዶ ጣት ብቻ ከያዛችሁት ሥሩ ይሞለሙላል፤ የተሞለሞለ ሥር ደግሞ ከብሪጁ ጋር በሙሉ ገላው ስለማይገናኝ ድምፅ ይበላል። ከሥሩ የድምፅ ማንሻ ሽቦ ያለው መሣሪያ ከሆነማ አንዱ ክር ጮሆ ሌላው ይጠፋል። በቁጥር 320 ጨርሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ መልሱና ቃኙ።

የናይሎን ክር ሲላላና እንደገና ሲወጠር ቅኝት ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል። በዚያው ሰዓት ለክታችሁ አትፍረዱ፤ አሳድሩት፣ ጠዋት ደግማችሁ ቃኙና ለኩ።

ሲንዛዛ የት እንዳለ ማወቅ

ክሩ ሲወርድ መንዛዛት ሊመጣ ይችላል፤ ቦታው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ባዶው ክር ብቻ ከተንዛዛ ነቱ ነው። አንድ ፍሬት ላይ ስትጫኑ ብቻ ከተንዛዛ ወደ ብሪጁ በኩል ቀጥሎ ያለው ፍሬት ጎልቷል፤ የባንክ ካርድ ረጅም ጠርዝ ሦስት ፍሬት ላይ አስደግፉና ወዝወዝ አድርጉት፤ መሐለኛው ከፍ ካለ ካርዱ ይወዛወዛል። በሁሉም ቦታ ከተንዛዛ ሳድሉ ከመጠን በላይ ወርዷል። ለጊዜው ከሥሩ ጠንካራና ስስ ነገር፣ ለምሳሌ የባንክ ካርድ ፕላስቲክ ቀጭን ስንጥር፣ አስገቡለት፤ ለዘለቄታው ግን አዲስ ሳድል ይሠራለት።

አጥንት ከሥጋ ቤት

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለምወደው ነው። በርካሽ ዩኩሌሌ ላይ ያለው ሳድል አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ጥሩ ሳድል የሚሠራው ከአጥንት ነው፤ አጥንት ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ ችግር ሆኖ አያውቅም። የበሬ ወይም የግመል ቅልጥም ግድግዳው ወፍራምና ጠጣር ነው፤ የግመል አጥንት የቢላ እጀታ ሲሠራበት የኖረ ዕቃ ነው። ከሥጋ ቤት አንድ ቁራጭ ለምኑ፤ ለመሰንቆ ነው ብትሉ ይሰጧችኋል፣ ዩኩሌሌ ምን እንደሆነ ከማስረዳት ይቀላል።

መቅኒውንና ሥጋውን በደንብ ጥረጉ። ለስለስ ባለ እሳት በሳሙና ውኃ ቀቅሉት፤ ስቡ ሲንሳፈፍ ውኃውን ለውጡና ድገሙ። በኃይል ለረጅም ጊዜ ማፍላት አጥንቱን ፍርክስክስ ያደርገዋል። ስቡ ካልወጣ ደግሞ ይሸታል፤ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በጥላ ይድረቅ። ወደ ውጭ አውጥታችሁ በእኩለ ቀን ፀሐይ ብታሰጡት ይሰነጠቃል።

ሲደርቅ በሞርሳ ይዛችሁ በብረት መጋዝ ከሳድሉ ውፍረት ትንሽ አተርፋችሁ ሰንጥቁት። የብዙዎቹ ሳድል ውፍረት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራሳችሁን ለኩ። የቀረውን በመስታወቱ ላይ እየፋቃችሁ ወደ ልኩ አምጡ። ቦዩ ውስጥ በጣት ግፊት ገብቶ፣ መሣሪያው ሲገለበጥ የማይወድቅ ከሆነ ልኩን አግኝታችኋል። አናቱን በክብ አስተካክሉ፤ ሹል ከሆነ ክር ይበጥሳል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የአጥንት ብናኝ ለሳንባ አይበጅም፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ይሰነብታል። ውኃ ነካ እያደረጉ መፋቅ ብናኙን ይቀንሳል። ሞርሳና መጋዝ ከሌላችሁ ለሰፈር ብረት ሠራተኛ አሳዩት፤ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት፣ ሞረድ አያያዝ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም።

ሙቀቱና ድርቀቱ

የዩኩሌሌ አገሩ ሃዋይ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ማዴራ ደሴት ወደ ሆኖሉሉ በተጓዙት ስደተኞች መካከል የነበሩ አናጢዎች ይዘውት ከሄዱት ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው የተገኘው። ማለትም የባሕር እርጥበት ያሳደገው ዕቃ ነው። ለእንጨቱ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን፣ የእኛ ደረቅ ወራት ከዚያ በታች ይወርዳሉ።

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። የድምፅ ሳጥኑ ፊት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ብሪጁ አብሮ ይወርዳል፣ ክሩም ይወርድና ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ይንዛዛል። የፍሬቶቹ ጫፍም ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ መዳፍ ይቧጭራል። እርጥበት ሲበዛ ግልባጩ ነው፦ ፊቱ ይነፋል፣ ክሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዩኩሌሌውን ከሐረር ይዛችሁ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ድሬዳዋ እንደ ደረሳችሁ ሞረድ አታንሡ። ሐረር ከድሬዳዋ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ያለችና ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ እንጨቱ አዲሱን አየር እስኪለምድ ጥቂት ቀን በማኅደሩ ውስጥ ይቆይ።

በማኅደሩ ውስጥ፣ ክዳኑ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ፣ ተጨምቆ ውኃ የማያንጠባጥብ ስፖንጅ አስቀምጡ፤ ስፖንጁ ሲደርቅ አርጥቡት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከጣሪያው አጠገብ አትስቀሉት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትተዉት፤ እዚያ ያለው ሙቀት ሙጫ ያላላል፣ ብሪጅ የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ከፍታ የምታስተካክሉትም በምትጫወቱበት ወቅት አየር መሆኑን አትርሱ። በኅዳር ድርቀት 2.6 ያደረጋችሁት በነሐሴ ዝናብ 3 ሊሆን ይችላል። ይህ ከተደጋገመባችሁ በየወቅቱ ከመፋቅና ስንጥር ከመሰካት ሁለት ሳድል ይኑራችሁ፤ ከፍ ያለውን ለበጋ፣ ዝቅ ያለውን ለክረምት። በሥራቸው “በ” እና “ክ” ብላችሁ በእርሳስ ጻፉባቸውና ተራው ያልሆነውን በትንሽ ፌስታል ጠቅልላችሁ ማኅደሩ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ።